ያልቆሸሸው ስፖንጅ

ለድሬዳዋ ሕዝብ በሙሉ! የሞተር ብስክሌት ወዳጆች ማኅበር በጉዳዩ ላይ በሰፊው ከመከረ በኋላ፣ የሞተሩን የአየር ማጣሪያ ስፖንጅ በቤንዚን የሚያጥብ ማንኛውም አባል ከእንግዲህ የማኅበሩን አርማ ደረቱ ላይ እንዳይለጥፍ ወስኗል። ስፖንጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ሳይጠመዘዝ ይጨመቃል፤ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፤ ዘይት ይጠጣል፤ ጠርዙን ግራሶ ይቀባል። ሊቀ መንበር ሀብተ ማርያም።

ይህ ዐዋጅ በመጋላ ሰፈር ግድግዳዎች ላይ ሙጫው በቅጡ ሳይደርቅ፣ ዐዋጁን ከሁሉ አብልጦ የናቀው፣ ክፍሉ የሚባለው የማኅበሩ ፈጣን ጋላቢ፣ ከቤቱ አፋፍ ሥር በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ፣ ሞተሩ ተጭኖት ሞቶ ተገኘ። ራሱ ተፈንክቷል። የሞተሩ የፍሬን ገመድ ተፈትቷል። ፍሬኑን በቅርቡ የጠገነው መካኒኩ ዓዋሌ ስለ ነበር የከተማው ወሬ ከሳሽም ዳኛም ሆኖ ፈረደበት። ዓዋሌ ታሰረ። እኩለ ቀን ላይ መኪና መጥቶ ወደ ሐረር ወህኒ ሊወስደው ነው።

የ፲፱፻፷፬ ዓ.ም. በጋ ነበር። ጉዳዩ ሻምበል ዒልሚ እጅ የገባው የዚያኑ ዕለት ጧት ነው። ዒልሚ ቀጭን፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ሰው ሲያናግር ዐይኑን ከሰውዬው እጅ የማይነቅል የፖሊስ መኮንን ነው። ከሬሳው ተነሥቶ ወደ ሞተሩ ሄደ፤ የጎኑን ክዳን ከፈተ፤ ስፖንጁን አወጣና አሸተተው። በጣቱ ተጫነው። ዘይቱ ገና ያብለጨልጫል፤ የአቧራ ብናኝ ግን ለመድኃኒት የለበትም።

ወደ ሟቹ ግቢ ወጣ። የክፍሉ ሚስት የሺአረግ ከል ለብሳ በሩ ላይ ተቀምጣለች።

«የት ሊሄድ ነበር?»

«ሁርሶ ደርሼ መጣሁ ብሎኝ ነበር። እኔ ሳቢያን እህቴ ዘንድ ስሄድ ሞተሩን ፈታትቶ እዚሁ ተቀምጧል።»

«ብቻውን?»

«ከቤንዚን ሳፋው ጋር። እኔን እንኳ እንደዚያ ዐይቶኝ አያውቅ።»

ሳፋው አሁንም አለ። ውስጡ፣ ሙጫው የተፈታ፣ ሲነኩት የሚበጣጠስ አሮጌ ስፖንጅ ተንሳፏል። ግቢው በሙሉ አቧራ ለብሶ የደረጃው ድንጋይ ብቻ ጥርት ብሎ ታጥቧል።

«ደረጃውን ማን አጠበው?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም! ከመጣሁ ጀምሮ በዚህ ቤት የሚያለቅስ እንጂ የሚያጥብ ሰው አለ?»

ከዚያ ወደ እስረኛው ሄደ።

«ዋርያ ዓዋሌ፣ ፍሬኑን ፈትተኸዋል?»

«ወላሂ ሻምበል፣ አጥብቄ ነው የሰጠሁት! አቦ፣ ክፍሉ እኮ ወዳጄ ነው። የዚያን ሰውዬ ወረቀት ከግድግዳ የቀደድነው እኔና እሱ ነን።»

«የምን ወረቀት?»

«የስፖንጁ ነዋ! ቤንዚን ሐራም ነው ይላል። ሼኽ ሳይሆን ፈትዋ ያወጣል!»

ዒልሚ ሊስቅ ሲል ከውጭ የመኪና ድምፅ ሰማ። የሐረሩ መኪና ቀድሞ መጥቷል።

«ሞተሩን እንዳታጠፋ» አለው ሾፌሩን። «ባዶህን አትመለስም።»

ሁሉንም መጋላ ውስጥ ባለው የዓዋሌ ጋራዥ ሰበሰባቸው፦ ካቴናው ለጊዜው የተፈታለትን ዓዋሌን፣ የሺአረግን፣ ክፍሉ በየውድድሩ አቧራ ያጠጣው የነበረውን የጨርቅ ነጋዴ ዐብዱላሂን፣ ነጭ ሸሚዙ የተተኮሰውን ሊቀ መንበር ሀብተ ማርያምን። የሟቹ ሞተር መሐል ቆሟል።

«አዲስ ስፖንጅ ይኸው» አለ ዒልሚ ለሦስቱ ወንዶች። «ተራ በተራ ግጠሙልኝ።»

«እኔ?» አለ ዐብዱላሂ። «የኔን ሁሌም ዓዋሌ ነው የሚገጥመው።» ደረቁን ስፖንጅ እንደ ትራስ ጠቀጠቀው።

ዓዋሌ የራሱን ቤንዚን ውስጥ ነክሮ እንደ ካልሲ ጠመዘዘ፤ ዘይት ረጨበትና ወተፈው። «ሞተር ሙሽራ አይደለም፤ ምን ይኳኳላል!»

«ይህ የልጆች ጨዋታ ነው» አለ ሀብተ ማርያም።

«ይጫወቱልን።»

ሀብተ ማርያም ደረቁን ስፖንጅ ወደ ሳጥኑ አስጠጋ። መልሶ አራቀው። እንደገና አስጠጋ። ግንባሩ በላብ ተጠመቀ፤ እጁ ግን አልታዘዘውም። ዘይት አፈሰሰበት፤ ሁሉም ቦታ እስኪዳረስ በመዳፎቹ መሐል አሸው፤ ትርፉን ሳይጠመዝዝ ጨመቀ፤ በትንሿ ጣቱ ጠርዙን ግራሶ ቀባ፤ በሳጥኑ ውስጥ መቀመጫውን በመሐረቡ ጠርጎ አስገባው።

ዒልሚ ከሟቹ ሞተር ያወጣውን ስፖንጅ ከጎኑ አስቀመጠ። መንታ ይመስላሉ።

«የሁርሶ መንገድ አቧራ በበጋ ስፖንጅን በርበሬ ያስመስላል» አለ። «ይህ ንጹሕ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ የትም አልሄደም። ሞተሩ ካልሄደ፣ ክፍሉ ከሞተር አልወደቀም። የሞተው እቤቱ ነው፤ ስፖንጁን በቤንዚን ሲያጥብ ገዳዩ ደርሶበት፣ ደሙ በታጠበው ደረጃ ላይ። የራሱ ስፖንጅ ሳፋው ውስጥ ተበጣጥሷል። ገዳዩ ሞተሩን ያለ ማጣሪያ መተው ስላልቻለ የራሱን አዲስ ስፖንጅ ገጠመለት፤ ዓዋሌ እንዲጠየቅ ፍሬኑን ፈታ፤ ከዚያ ሬሳውንም ሞተሩንም ከአፋፉ ገፋ። ዓዋሌ ቢሆን ቤንዚን ይሸት ነበር። ዐብዱላሂ ቢሆን ደረቅ ይሆን ነበር። ይህኛው እስከ ጠርዙ ግራሶ ተቀብቷል። ሬሳ አጠገብዎ ተጋድሞ እንኳ ዐዋጅዎን አልጣሱም፣ አቶ ሀብተ ማርያም። አሁንም ደረቁን ቢከቱት ኖሮ ምንም አላገኝብዎም ነበር።»

ሀብተ ማርያም ዘይት የነካ እጁን ተመለከተ።

«ደረቅ ስፖንጅ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሞተር ይበላል።»

ካቴናው ከጠረጴዛው ላይ ተነሣ። ዓዋሌ ሁለት እጆቹን ሳያስበው ዘረጋ፤ ካቴናው ግን አልፎት ሄደ።

የሺአረግ መንገዱን ዘግታ ቆመች። «ጋሼ፣ ቤቴ ገብተው የበሉ ሰው ነዎት። ለስፖንጅ ነው? ይንገሩኝ! ባሌን ለስፖንጅ ነው የገደሉት?»

«አላብራራም» አለ ሀብተ ማርያም።