ጭራ ያበቀሉ መስመሮች

የተርጓሚዋ አስከሬን የተገኘው ሐሙስ በምሳ ሰዓት፣ በቢሮዋ ሕንጻ ጓሮ ነበር። የወደቀችው ከላይ ከሰገነቱ፣ የውኃ ታንከሩ ካለበት ነው። ዘበኛው ጮኾ ሰው ሲሰበሰብ፣ ለሦስቱ ባልደረቦቿ ከእሷ ኮምፒውተር አንድ ኢሜይል ገብቶላቸው ነበር። ፍሬ ነገሩ «ከዚህ በላይ መሸከም አልችልም፤ ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እሄዳለሁ» ይላል። ፖሊስ አነበበውና «ራሷን ገድላ ነው» አለ።

አባቷ ሚስታቸውን ከቀበሩ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። የቀረቻቸው ይህችው አንድ ልጅ ነበረች። ሰኞ ዕለት ቤት ውላ፣ «አባ፣ ሥራዬን ልለቅ ነው» ብትላቸው፣ ምክንያቷን እንኳ ሳይጠይቁ «ሥራ የጠላ ሰው ቤቴ አይኖርም፤ ከዓይኔ ጥፊ» ብለዋት ነበር። ከዚያ በኋላ ሳይታረቁ ሞተች። አሁን እህል በአፋቸው አይዞርም። ጎረቤት ሊያጽናና ሲመጣ «እኔ ነኝ የገደልኳት» ይላሉ።

በአምስተኛው ቀን ፖሊስ የሰጣቸውን የኢሜይሉን ቅጂ በኪሳቸው አጣጥፈው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። የተቀበለቻቸው መርማሪ፣ እብቁን ከፍሬው ስለምትለይ ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት ሴት ነበረች።

«ልጄ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ማተሚያ ቤት ፊደል ስለቅም የኖርኩ ሰው ነኝ» አሏት። «ይሄ ገጽ ጤና የለውም። እይው፤ አንዱ መስመር ሙሉ፣ ቀጣዩ አንድ ቃል። እንደገና ሙሉ፣ እንደገና አንድ ቃል።»

«ያዘነ ሰው መስመር ይስታል፣ አባባ።»

«ያዘነ ሰው እንደመጣለት ነው የሚስተው። ይሄ ግን እየቆጠረ ነው የሳተው።»

መርማሪዋ ወረቀቱን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው። «ቤታችሁ ኮምፒውተር አለ?»

«አንድ አሮጌ አለ። ቦታ ስለሞላበት የተላከውን አያስቀምጥም። ሰኞ ከተቆጣኋት በኋላ እዚያ ላይ እያለቀሰች ስትጽፍ ነበር። ለማን እንደሆነ… አኩርፌ ስለነበር አልጠየቅኋትም።»

ያኔውኑ ቤት ሄዱ። መርማሪዋ የኢሜይሉን ቃል በአሮጌው ኮምፒውተር ገልብጣ ለራሷ ላከችው። ማሽኑ እያንዳንዱን መስመር ሰባ ሁለት ፊደል ገደማ ላይ እየቆረጠ አደረሰው። ገጹ ቀጥ ያለ ነው፤ እንደ ጭራ ለብቻው የተንጠለጠለ ቃል የለበትም።

«ነገ ቢሮዋ አብረን እንሂድ» አለቻቸው። «እርስዎ ጥግ ይዘው ዝም ብለው ይስሙ።»

ከሦስቱ በመጀመሪያ የገባው ሥራ አስኪያጁ ነበር፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጥም ዓይኑ ከላዩ አልተነሳም።

«ከሐሙስ በፊት የግል ደብዳቤ ጽፋልዎት ነበር?»

«ከሥራ በቀር ምንም ተጻጽፈን አናውቅም።»

«በምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«ምሳ እየበላሁ። ብቻዬን።»

ቀጥሎ የኮምፒውተር ባለሙያው ገባ፤ እጮኛዋ ነው። ዓይኑ አብጧል። አባትየውን ሲያይ አንገቱን ደፋ፤ እሳቸውም ፊታቸውን አዞሩ።

«የሁሉን ሰው የይለፍ ቃል ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ። ቢጠረጥሩኝም አልፈርድብዎትም።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ሠርጉን እናዘግየው ብላኝ አኩርፌያት ነበር። አንድ የከበደኝ ነገር አለ አለችኝ፤ እኔ ግን ሌላ ሰው ወዳ መሰለኝ» አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

መጨረሻ የገባችው አራሚዋ ነበረች፤ ሃምሳውን ያለፈች፣ ሟቿን ሥራ ያስተማረች፣ እሷም «እትዬ» የምትላት። ገና ከበር የአባትየውን እጅ ይዛ አለቀሰች።

«ስለዚያ ሕፃን ራሷን ስትወቅስ ነው የከረመችው፣ የኔ ምስኪን። ከወር ወዲህ አንድ ፊደል አልጻፈችልኝም። ብትጽፍልኝ ኖሮ እደርስላት ነበር።»

አባትየው ዕንባ ስለቀደማቸው የተባለውን አላጤኑም። መርማሪዋ «እሺ» ብቻ ብላ ደብተሯን ዘጋች።

ከሰዓት በኋላ ያንኑ ጽሑፍ ከቤቱ አሮጌ ኮምፒውተር ለሦስቱም ላከችና በየራሳቸው ማሽን «ደርሶኛል» ብለው እንዲመልሱ አዘዘች። በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም በስብሰባ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። አባትየው በር ሥር ተቀመጡ።

«ለደብዳቤ መልስ ስትሰጡ» አለች፣ «የላኪው ጽሑፍ ከመልሳችሁ ግርጌ ይከተላል። ማሽኑም በየመስመሩ ራስ ላይ ምልክት ይጨምርበታል። ቀድሞውኑ ልክ የሞላ መስመር ምልክት ሲጨመርበት ከልኩ ያልፋል፤ አንዳንዱ ማሽን ያኔ የመጨረሻዋን ቃል ወደ ታች ይገፋታል። ጭራዎቹ የመጡት ከዚህ ነው። ስለዚህ የሐሙሱ ኢሜይል ሐሙስ አልተጻፈም። ሰኞ ከቤቷ ለአንድ ሰው የላከችው፣ ያም ሰው የመለሰላት ደብዳቤ ነው። ሳትዘጋው በወጣችው የቢሮ ኮምፒውተሯ ላይ የነበረው መልሱ ብቻ ነው። ገዳይዋ ከመልሱ ግርጌ ገልብጣ፣ ምልክቶቹን አጥፍታ፣ ለሁላችሁም ላከችው። ጭራዎቹን ግን አላየቻቸውም።»

«ገዳይዋ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

መርማሪዋ ሦስት ወረቀት ዘረጋች። «የእርስዎ ማሽን መስመሩን እንዳለ ነው የመለሰው። የእጮኛዋ ማሽን ሁሉንም አያይዞ አንድ ረጅም ክር አደረገው። ይህኛው ግን ልክ እንደ ሐሙሱ ጭራ አብቅሎ መጣ። የአራሚዋ ነው።»

«መልሱን ሌላ ሰው ከእሷ ኮምፒውተር ሊያገኘው ይችላል» አለች አራሚዋ ቀስ ብላ።

«ይችላል። እርስዎ ግን አንድ ፊደል አልጻፈችልኝም ብለዋል። ደብዳቤ ያልደረሰው ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? ደግሞ ስለ ሕፃን ነገሩኝ። ኢሜይሉ ላይ ሕፃን የለም።»

«የምን ሕፃን?» አለ ሥራ አስኪያጁ። እጮኛዋም ራሱን ነቀነቀ።

«የሐሙሱ ኢሜይል መሐል ላይ መስመሩ በአጭሩ የሚቀርበት፣ ጭራም የሌለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሕፃኑ ከዚያ ነው የተቆረጠው።»

አራሚዋ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ለማንም እንደማትናገር ሆና ጀመረች።

«የሽሮፕ መመሪያ ነበር። ‹ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አይሰጥም፤ ከዚያ በላይ ላሉት በቀን ሁለት ማንኪያ› ብላ በትክክል ተርጉማዋለች። በኢሜይል ሲደርሰኝ ግን መስመሩ ተሰባብሮ፣ ‹አይሰጥም፤ ከዚያ በላይ ላሉት› የሚለው ለብቻው ወድቆ ነበር። ትርፍ መስሎኝ ሰረዝኩት።»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ የቀረውን ዓረፍተ ነገር በልቡ አነበበው፦ ‹ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት በቀን ሁለት ማንኪያ።›

«አንድ ሕፃን ሞተ። ከመመሪያው መሆኑን እሷ ደረሰችበት። ‹እኔም ሳላመሳክር ነው የፈረምኩት፤ እናገራለሁ፤ ሥራዬንም እለቃለሁ› ብላ ጻፈችልኝ። ሐሙስ ልለምናት ሰገነት ላይ ወሰድኳት። ሃያ ስድስት ዓመት ስህተት አታውቅም የተባልኩ ሰው ነኝ።»

አባትየው ተነሱ። ፊቷ ቆሙ።

«በመጨረሻ ምን አለችሽ?»

«‹እትዬ፣ ፖሊስ ጣቢያ ብቻሽን አትገቢም፤ ክንድሽን ይዤ አብሬሽ እገባለሁ› አለችኝ። ይዛኝም ነበር። ገፋኋት።»

ሽማግሌው እዚያው እንደቆሙ፣ ለቀናት ያነቃቸው ልቅሶ ድምፅ አውጥቶ ወጣ። ማንም አልነካቸውም። መርማሪዋ አራሚዋን ይዛ ስትወጣም አልዞሩም። ሲበርድላቸው ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠርገው ሥራ አስኪያጁን ጠየቁት።

«የመድኃኒቱ ወረቀት አሁን የት ነው?»

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን አነሳ። «በየፋርማሲው ተሰራጭቷል። አራት ሺህ ቅጂ።»

«አንተ ደውል፤ ለሁሉም ደውል።» ወደ እጮኛዋ ዞሩ። «ተነስ፣ ልጄ። እኛ በእግራችን እንጀምር።»

መታጠፊያው ላይ ያለው ፋርማሲ ሲደርሱ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት ጠርሙስ ተቀብላ፣ ከካርቶኑ ያወጣችውን ወረቀት ወደ ብርሃን አቅርባ ታነብ ነበር። ሽማግሌው ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ እጃቸውን ወረቀቱ ላይ ጫኑ።

«ቆዪ፣ የኔ ልጅ» አሏት። «እዚህ ላይ አንድ መስመር ጎድሏል። እኔ ልንገርሽ።»