በላጲስ ያጠፋሁት ምልክት

ህሩይ የፈረንሳይኛ አስጎብኚነት ፈተናውን የወደቀው በኔ ምክንያት ነው።

የተዋወቅነው ፒያሳ፣ ከፋሲል ግንብ አጠገብ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ከደጋው መካነ ብርሃን የመጣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ተማሪ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ሲያስገለብጥ አይቼ ሳቄ መጣ።

«ማን ሊያነብልህ ነው?»

«አንቺ» አለኝ፣ ፈገግ እንኳ ሳይል።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ፈረንሳይኛ ነው፤ እሺ አልኩት። እናቴ ጨርቅ ከምትሸጥበት ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል አራት ወር አስተማርኩት። ቃሉን ቆራርጬ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ከየቁራጩ በላይ በእርሳስ ጥቃቅን የዜማ ምልክቶች ይጭራል።

«ይሄ ዘፈን አይደለም» እለዋለሁ።

«ዘፈን ማን አለ፣ እስከዳር? ዜማ ነው እንጂ።»

ትዕግሥት የለኝም። ለፈተናው ሳምንት ሲቀረው ምልክቶቹን በሙሉ በላጲስ አጠፋሁበት። ፈታኞቹ ፊት ቃሉን እንደ እንጨት እየፈለጠ አነበበው፤ ጣሉት።

ዛሬ ሊሰናበተኝ መጣ። የድጋሚ ፈተናው ምዝገባ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል፤ እሱ ግን ነገ ጠዋት በአውቶቡስ ወደ አገሩ፣ ወደ የኔታው ሊመለስ ቆርጧል። ወረቀቶቼን ሲመልስልኝ እርሳስ አስጨበጥኩት።

«መልሳቸው።»

«ምኑን?»

«ያጠፋሁብህን።»

ስለ ፋሲል ግንብ አሠራር የሚያወራውን ገጽ አወጣና ምልክት ያደርግበት ጀመር። «እዚህ ሂደት የሚባለው ምልክት ነው፤ ድምፁ አይቆምም። መጨረሻው ላይ ይዘት፤ ያዝ አድርጌ እለቀዋለሁ። ከማይነበበው ፊደል በላይ ምንም አላኖርም።»

ከዚያ በጣቱ ጉልበቱን መታ መታ እያደረገ አነበበ። አር፣ ሺ፣ ቴክ፣ ቱር፤ የሕንፃ ጥበብ ማለት ነው። እኔ የቆረጥኩት ቦታ ጠፋ። ቃሉ እንደ ውኃ ወረደ። መምህሮቼ እንኳ እንዲህ ሲሉት ሰምቼ አላውቅም። ከሱቁ በኩል የእናቴ መቀስ ድምፅ ቆመ።

«ምነው ፈዘዝሽ? ተሳሳትኩ?»

«ዝም በል። ቀጥል።»

«የቱን ልሁን?»

«ቀጥል!»

መታወቂያውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ።

«ወዴት ነው?»

«ላስመዘግብህ።»

«ብወድቅስ?»

«ያኔ በአውቶቡስ አብሬህ እሳፈራለሁ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «መካነ ብርሃን? አንቺ? ብርዱን አትችዪውም።»

«እንግዲያው አትውደቅ።»

ሳቀና ወረቀቱ ላይ አጎነበሰ። ማንበቡን ቀጠለ። እኔ በሩ ላይ ተገትሬ ቀረሁ፤ አንድ መስመር፣ ደግሞ ሌላ መስመር። ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሆኗል። በሩን ክፍት ከተውኩት ድምፁ እንደማያስኬደኝ ገባኝ፤ ወጣሁና ዘጋሁት።