ሁለት ጸሎት፣ አንድ ገበታ

መኮሮኒው ከቀዘቀዘ ቆይቷል። እናት ግን ዓይኗን ጨፍና፣ ሁለት እጇን ከሳህኗ በላይ ዘርግታ አሁንም ትጸልያለች።

«...የዚህን ቤት አባወራ ልብ ክፈትለት፣ ጌታ ሆይ። በስም ብቻ ክርስቲያን ከመሆን አውጣው። እውነተኛ ልጅህ አድርገው...»

አባት ጉሮሮውን ጠረገ። እሱ የራሱን ጸሎት ቀድሞ ጨርሷል። አጭር ናት፤ ከአባቱ በቃል የወረሳት። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን «ከሐሰተኞች አስተማሪዎችና ከተከታዮቻቸው ቤታችንን ጠብቅ» የምትል ጭራ ቀጥሎባታል። እናት ከአባት ቤተ ክርስቲያን ወጥታ እህቷ ወደምትሄድበት ጉባኤ ከገባች ጀምሮ እንዲህ ናቸው። ፊት ለፊት መነጋገር ትተው እግዚአብሔርን ፖስተኛ አድርገውታል።

እናት በመጨረሻ ዓይኗን ገልጣ ወደ ልጆቿ አየች። «አሜን አይባልም?»

«አሜን!» አለ ድንቡሼ። ሰባት ዓመቱ ነው። ለአባቱም ብሎ ነበር። ሹካ ለማንሳት የሚያስፈቅድ ከሆነ ድንቡሼ ለማንም አሜን ይላል።

እህቱ ዝም አለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አባቷ «ዳኛዬ» ይላታል፣ ከትንሽነቷ ጀምሮ ኬክ ስትቆርስ ለራሷ ትንሿን ቁራሽ ስለምታስቀር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እሷም ለሁለቱም አሜን ትል ነበር። አንድ ቀን አባቷ የሚጠግነው ፍሪጅ ጀርባ እንደተቀመጠ «ለዚያ ጩኸት አሜን ካልሽ የኔን ሃይማኖት ክደሻል ማለት ነው» አላት። እናቷ ደግሞ ለዩኒፎርም ስትለካት፣ ሜትሩን ወገቧ ላይ እያጠበቀች፣ «በሁለት ቢላዋ መብላት ይቅርብሽ» አለቻት። ከዚያ ወዲህ አሜን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

የባሰው ደግሞ ዝምታው ወደ ውስጥ መግባቱ ነው። ለብቻዋ ልትጸልይ ስትጀምር አንዱ ቃል የእናቷ ይሆንባታል፣ ቀጣዩ የአባቷ። የማንም ያልሆነ ቃል ስታጣ አንሶላዋን ተከናንባ ታለቅሳለች። እግዚአብሔር ከሁለቱ አንዳቸው ዘንድ ይሆናል፤ እሷ ጋ እንደሌለ ግን እርግጠኛ ነበረች።

«እስቲ ልጆቹ ይብሉበት» አለ አባት። «ይሄ ምሳ ነው ሙጫ?»

«ለማይሰማ ጆሮ ጸሎት ሁሉ ይረዝማል» አለች እናት።

«እኔ ክርስትና የተነሳሁት ገና ጨቅላ ሆኜ ነው። ዛሬ ማን መጥቶ ነው ክርስቲያን አይደለህም የሚለኝ?»

«ውሃው ነክቶህ ይሆናል። ልብህ ጋ ግን አልደረሰም።»

«መጮህ ክርስቲያን የሚያደርግ ቢሆንማ፣ የአውቶቡስ ረዳት ሁሉ ጻድቅ ነበር!»

ድንቡሼ ሳቀ። ድሮ ቢሆን እናትም በዚህ ቀልድ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር፤ «አንተ ሰውዬ ትገድለኛለህ» እያለች። አሁን ሜትሯን ከአንገቷ አውልቃ ጠቀለለችው። ድንቡሼ ብቻውን እንደሳቀ ሲያውቅ ሹካውን አስቀመጠ።

ከዚህ ምሳ በኋላ እናት ድንቡሼን ይዛ ወደ እህቷ ቤት ትሄዳለች፤ ላትመለስ። አክስትየው «ከማያምን ባል ጋር አንድ ጣራ ሥር አይታደርም» ብላ ቆርጣለች። የአባት ሽማግሌዎችም «ሃይማኖቷን የለወጠች ምን ሚስት ትሆናለች? ትሂድ» ብለዋል። ዓመቱን ሙሉ ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበት ነገር ይህ ብቻ ነው። ልጅቷ አንዴ ልታስታርቅ ሞክራ ነበር፤ አክስቷ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብላ አስቀመጠቻት። ዛሬ ግን በድንገት ትልቅ ሆነችና «ምረጪ» አሏት።

ልጅቷ የድንቡሼን ዕቃ ልታሰናዳለት መኝታ ቤት ይዛው ገባች። ካልሲዎቹን አንድ በአንድ እያቀበላት ነበር።

«ዳኛ።»

«እ?»

«አባዬ ሲኦል ይገባል?»

ያቀበላትን ካልሲ ከእጁ ተቀበለች። «ማን አለህ?»

«አክስቴ። አባዬ ደግሞ እማዬ ናት የምትገባው አለኝ።» አንዱን ካልሲ በጣቱ ጎተተው። «ማንኛቸው ናቸው የሚዋሹት?»

ማንም አይዋሽም ልትለው ፈለገች። ሁለቱም ይዋሻሉ ልትለውም ፈለገች። ዳኛ ተብላ ስትጠራ ኖራ፣ በሚያስፈልጋት ቀን አንድ ፍርድ አጣች።

«አላውቅም፣ የኔ ጌታ። ሙት አላውቅም።»

«አንቺ ግን ትመጫለሽ አይደል?»

ሳሎን ውስጥ አባት የእናት ሻንጣ ዚፕ ስለተበላሸ በመዳብ ሽቦ እያሰረው ነበር። ከሚስቱ ጋር ተጣልቶም የሚስቱን ሻንጣ ይጠግናል። ሰውዬው ነገ ከሥራ ሲመለስ የሚጠብቀው የተፈታታ ፍሪጅ ብቻ ነው።

«እንግዲህ» አለ አባት ቀና ሳይል። «ከማን ጋር ነሽ?»

«ከድንቡሼ ጋር።»

እናት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። «ተመስገን! እውነቱ በራላት!»

አባት ፒንሳውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «ስለዚህ የአባትሽን ሃይማኖት ናቅሽ።»

«ከድንቡሼ ጋር ነው ያልኩት!» ድምጿ ተሰበረ። «ስለ ሃይማኖት ማን አወራ? እሳት ውስጥ እናንተን እያየ በህልሙ ይጮሃል። ማን ተነስቶ አባብሎት ያውቃል? እኔ ነኝ!»

ሁለቱም ዞረው አዩዋት። የገባቸው መሰላት። እናት ግን «አየህ? ያንተ ወግ ነው ያስፈራራው» አለች፤ አባትም «ያንቺ ሰባኪ ነው እንጂ!» አለ፤ ጭቅጭቁም እንደ አዲስ ተነሳ። ልጅቷ ቦርሳዋን ልታመጣ ሄደች።

ሻንጣውን በደረጃው ያወረደው አባት ራሱ ነው። ታክሲው ላይ ጭኖ ሲያበቃ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና መስኮቱ አጠገብ ቆመ። መጀመሪያ ልጆቹን አየ፤ ከዚያ እናትን።

«እግዜር ይከተላችሁ» አለ።

ጭራ አልቀጠለበትም። ሐሰተኛም፣ ተከታይም አላለም።

ቆሞ ጠበቀ። ድንቡሼ አፉን ከፈት አደረገ፤ እናት እጁን ጠበቅ ስታደርገው መልሶ ገጠመው። ልጅቷ አየች። በዚህች ቃል የተነሳ አክስቷ ገበታ ላይ ስንት ቀን ፊት እንደምትነሳት ታውቃለች። ደግሞ ከዛሬ ራት ጀምሮ አባቷ ሲጸልይ አሜኑንም ራሱ እንደሚል አሰበች።

«አሜን» አለች።

እናቷ ፊቷን ወደ ሌላው መስኮት አዞረች። ታክሲው ተነሳ።