ኪዳኔ ያላለው ቃል

ፊልም ያለበት ታሪክ ስለሆነ ከፊልም የተወሰደ እንዳይመስላችሁ። ይሄ በእውነት የሆነ ነገር ነው።

የነገረችኝ ራሷ የደረሰባት ልጅ ናት። ስትነግረኝም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዐይኗን ከበሩ ሳትነቅል ነበር።

የጀመረው ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ደብረ ብርሃን። ፀሐይ ወጥታለች፤ ግን የደብረ ብርሃን ፀሐይ ናት... ታበራለች እንጂ አታሞቅም።

ጨለማ አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ይሄን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ "ማታ ሆኖባት ፈርታ ነው" እንዳትሉ ብዬ ነው።

ሮዳስ የምትኖረው ከወንድሟ ከኪዳነወልድ ጋር ነው። ኪዳኔ ሰው የሚበርባቸውን የውጭ ተከታታይ ፊልሞች በአማርኛ እየተረጎመ በቴሌግራም ቻናሉ ይለቃል። ጀግናውንም፣ ክፉውንም፣ ሴቷንም፣ ሽማግሌውንም ሆኖ የሚናገረው እሱ ብቻውን ነው። ድምፁ እንዳያስተጋባበት የክፍሉን ግድግዳ በብርድ ልብስ ሸፍኖታል።

የሮዳስ ሥራ ደግሞ ተመልካቾች የሚጽፉትን አስተያየት ማንበብና በወንድሟ ስም መመለስ ነው። ፊልሞቹን ግን አታይም። በሰማይ የሚበር ሰው አይጥማትም።

ያን ቀን የለቀቁት ክፍል ስለ አንድ አእምሮ የሚቆጣጠር ክፉ ሰው ነበር። ሰውየው አይደባደብም። ጠጋ ይልህና በጆሮህ አንዲት ቃል ያንሾካሹክብሃል። ከዚያ በኋላ የእሱ ነህ። ተነስ ካለህ ትነሳለህ፣ ግደል ካለህ ትገድላለህ።

በመጨረሻ በራሱ በጀግናው ጆሮ ላይ ጎንበስ ይላል።

ቃሏ ምን እንደሆነች ግን አትሰማም። የሰውየው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የሚታየው። ኪዳኔም እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ ነው ያለፈው።

አስተያየቶቹ መጀመሪያ ላይ እንደ ወትሮው ነበሩ።

"ተርጓሚያችን አንደኛ! ጀግናችንን ግን እንዲህ ማድረግ ግፍ ነው።"

"እኔ ብሆን ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ ነበር የምመጣለት።"

"ቀጣዩን ዛሬውኑ ካልለቀቅክ ከቻናሉ እወጣለሁ።"

ሮዳስ እየሳቀች ትመልሳለች። ከዚያ አንዲት ሴት እንዲህ ብላ ጻፈች...

"ያንሾካሾከበት ቦታ ሰውነቴን ወረረኝ። ድምፅህ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ የቀረ ነው የመሰለኝ።"

ሮዳስ ቀና አለች።

"ኪዳኔ፣ ሹክሹክታው ጋ ተናግረሃል እንዴ?"

"አልተናገርኩም። ምን ብዬ እናገራለሁ? ሰውየው ምን እንዳለ አይታወቅ።"

"አንዷ ሰማሁ እያለች ነው።"

ኪዳኔ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያን ቦታ ደጋግሞ ሰማው። ትከሻውን ሰበቀ።

"ምንም የለም። ዝምታ ነው።"

ሮዳስ ወደ ስልኩ ተመለሰች። አዳዲስ መልእክቶች ገብተዋል።

"ሰማሁ።"

"እኔም ሰማሁ።"

"ደርሳኛለች።"

ቀጥሎ አንዱ "እሺ።" ብሎ ጻፈ። ሌላው "እሺ።" አለ። ሌላዋም "እሺ።"...

ሊመሽ ሲል ሌላ ቃል የሚጽፍ አልነበረም። ጣቷን ወደ ላይ ብትገፋም፣ ወደ ታች ብትገፋም እሺ ብቻ ነው። ቀልድ የለ፣ የሚስቅ ምልክት የለ።

ከመካከላቸው አንዱን መርጣ፣ እንደ ሁልጊዜው በወንድሟ ስም ጠየቀችው። "ምን ሰምተህ ነው?"

መልሱ ወዲያው መጣ።

"ላንቺ አልተባለም።"

ሮዳስ ስልኩን ከእጇ አስቀመጠችው። የምትመልሰው እሷ መሆኗን የሚያውቅ አንድም ተመልካች አልነበረም።

ኪዳኔ ግን ሳቀ። "ልጆች ተጠራርተው እየቀለዱብን ነው። ተያቸው።"

በማግስቱ ጠዋት ሮዳስ ዳቦ ልትገዛ ወደ ሰፈሩ ባለሱቅ ወደ ባየው ሄደች። ባየው ወሬኛ ነው። ኪዳኔ የተረጎመው አንድም ክፍል አያመልጠውም፤ ሮዳስን ሲያይ ያለፈውን ሳይተርክላት ዳቦ አይሰጣትም።

ያን ዕለት ግን ምንም አላላትም።

በአንድ እጁ ዳቦውን ወደ ፌስታል ይከታል። የግራ መዳፉን ጆሮው ላይ ለጥፏል።

"ጆሮህን አሞህ ነው ባየው?"

"ደህና ነኝ።"

"ታዲያ ምን ሆነህ ያዝከው?"

ባየው ግራና ቀኝ አየ። ጎንበስ አለና በሹክሹክታ...

"እንዳትወጣ ነው።"

"ምኗ?"

ፈገግ አለ። ዐይኑ ግን ፈገግ አላለም።

ሮዳስ ዳቦውን ይዛ ወጣች። መንገዱ ላይ ነጠላ የለበሰች ሴት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አየች። የግራ መዳፏ ጆሮዋ ላይ ነው። አንድ የባጃጅ ሹፌር አለፋት። በአንድ እጁ ነው የሚነዳው። ሌላኛው እጁ... ጆሮው ላይ።

አይነጋገሩም። አይተያዩምም። ለየራሳቸው የተሰጣቸውን የሚጠብቁ ይመስላሉ።

ቤት ስትደርስ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። "አጥፋው! ያንን ክፍል አሁኑኑ አጥፋው!"

ያየችውን ስትነግረው ኪዳኔ ይህን ጊዜ አልሳቀም። ክፍሉን ከቻናሉ አጠፋው። ገና ጣቱን ሳያነሳ ስልኩ ጠራ።

እናታቸው ናቸው።

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ባላቸው ቄስ ገብረአማኑኤል ካረፉ ወዲህ አንኮበር ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ስለ ጀግና ፊልም የሚያውቁት ነገር የለም። ነገር ግን ኪዳኔ ስልክ ገዝቶ የቱን እንደሚነኩ አሳይቷቸዋል፤ እሳቸውም አንድ ክፍል አያልፋቸውም። ሰውየው ሲበር "ተው አንተ፣ ትወድቃለህ" ይሉታል። ለምን እንደሚያዩት ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው። "የልጄ ድምፅ ነዋ።"

ሁለቱም ስልኩን እያዩ ደነዘዙ። እናታቸውን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላሰቧቸውም ነበር።

ኪዳኔ አነሳው።

"እማዬ?"

"ልጄ... ሰማሁህ።"

"ምን ሰማሽ? እኔ ምንም አላልኩም እኮ!"

"እሺ ብዬሃለሁ። ወጥቼ እየጠበቅኩህ ነው።"

ከድምፃቸው በስተጀርባ ነፋስ ይሰማል።

"የት ነው ያለሽው?"

"አፋፉ ላይ።"

ስልኩ ተዘጋ።

የእናታቸው ቤት የተሠራው ገደል አናት ላይ ነው። ከጓሮው አጥር በኋላ ጥቂት ሣር፣ ከሣሩ ወዲያ መሬት የለም፤ ቁልቁል ቆላው ድረስ ባዶ ነው።

መናኸሪያ ሮጡ። የአንኮበር ሚኒባስ ሞልቶ ሊወጣ ሲል ደረሱበትና የኋላ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ከከተማው እንደወጡ ጉም መጣ። ብርዱ በተከፈቱት መስኮቶች እየገባ ፊት ይቆርጣል።

ኪዳኔ ሳያስበው "መስኮቱን ዝጉት እባካችሁ" አለ።

"እሺ።"

ከፊትም፣ ከመካከልም፣ ከጎንም እጆች ባንድ ጊዜ ተዘርግተው መስኮቶቹን ዘጉ።

ሮዳስ አሁን ነው ያየችው። ተሳፋሪዎቹ በሙሉ የግራ መዳፋቸው ጆሯቸው ላይ ነው። ረዳቱም።

ሹፌሩም።

ኪዳኔ አፉን ከፈተ። ሮዳስ ዘልላ በእጇ ከደነችው።

"እንዳትናገር" አለችው በጆሮው። "አንዲት ቃል... እንዳትወጣህ።"

መንገዱ መጠማዘዝ ጀመረ። በአንድ በኩል ተራራ፣ በአንድ በኩል ጉም። ሹፌሩ በአንድ እጁ ነው መሪውን የያዘው። አንድ የጭነት መኪና ከጥምዝምዙ ድንገት ብቅ ሲል ሮዳስ የወንድሟ ጩኸት መዳፏን ሲገፋው ተሰማት። ይበልጥ ጫነችው። "ቁም" ቢል ይቆማል። "ዙር" ቢልስ?

መኪናው ለጥቂት አለፋቸው። ሚኒባሱ ውስጥ የደነገጠ ሰው አልነበረም።

አንኮበር ሲደርሱ ቀትር ነበር፤ ጉሙ ግን ቀኑን ማታ አስመስሎታል። ከሚኒባሱ ወርደው ቁልቁል ሮጡ።

የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቤት ውስጥ ሰው የለም። የጓሮው አጥር አንድ በኩል ተነቅሎ ወድቋል።

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ አፋፉ ላይ ቆመዋል። ጀርባቸውን ለቤቱ ሰጥተዋል። ነጠላቸው በነፋሱ ይርገበገባል። ጫማቸውን አውልቀዋል፤ የእግራቸው ጣቶች ከድንጋዩ ጠርዝ አልፈው ባዶው ላይ ናቸው።

መዳፋቸው ጆሯቸው ላይ።

"እማዬ!" አለች ሮዳስ።

አልዞሩም። ጭራሽ የሰሙ አይመስሉም።

ሄዳ ልትይዛቸው ፈለገች። ግን ቢደነግጡስ? አንዲት ጋት መንሸራተት ትበቃለች። ወደ ወንድሟ ዞረች። ኪዳኔ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ተናገር" አለችው በሹክሹክታ። "አንተን ብቻ ነው የሚሰሙት። አስበህ... ቀስ ብለህ ተናገር።"

ኪዳኔ ቀስ ብሎ ወደ እናቱ ጀርባ ተጠጋ።

"እማዬ... ወደ ኋላ ተመለሺ።"

"እሺ።"

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ሌላ። ሌላ። ሮዳስ ጠበቀችና ከወገባቸው ይዛ ሳበቻቸው። ሦስቱም ሣሩ ላይ ወደቁ። ኪዳኔ የእናቱን ጉልበት አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እናቱ ግን እጃቸውን ከጆሯቸው አላወረዱም። ገና የሚጠብቁት አለ።

ዘዴውን ያሰበችው ሮዳስ ናት። ዛሬም ድረስ የምትለው ይሄንኑ ነው፤ "እኔ ነኝ በል ያልኩት።"

"እንድትረሳው ንገራት" አለችው። "ቃሏን እንድትረሳት።"

ኪዳኔ እንባውን በእጅጌው ጠረገ። የእናቱን ፊት በሁለት እጁ ያዘ።

"እርሺው እማዬ። እርሺው... ሁሉንም እርሺው።"

ሮዳስ ቃሉን ልብ ያለችው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው።

ሁሉንም።

"እሺ" አሉ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ።

መዳፋቸው ከጆሯቸው ቀስ ብሎ ወረደ። ዐይናቸው ጠራ። ከእንቅልፍ እንደ ነቃ ሰው ዙሪያቸውን አዩ፤ ጉሙን፣ ቤቱን፣ የተነቀለውን አጥር። ከዚያ ሁለቱን አዩዋቸው። ፈገግ አሉ፤ ደግ ሰው ለመንገደኛ እንደሚያሳየው ዓይነት ፈገግታ።

"ምነው ብርድ ላይ ተቀመጣችሁ ልጆች? የማን ልጆች ናችሁ?"

"እማዬ... እኔ ነኝ፣ ሮዳስ..."

"ሮዳስ" አሉ፣ ስሙን አፋቸው ውስጥ እያገላበጡ። "ደስ ይላል። ማነው ያወጣልሽ የኔ ልጅ?"

ኪዳኔ እጃቸውን ይዞ "አስታውሺ! እማዬ፣ አስታውሺን!" እያለ ጮኸ።

እሺ የሚል ድምፅ አልመጣም። ቃሏ ከጆሯቸው ወጥታለች። አሮጊቷ ደንግጠው እጃቸውን ከእጁ ሳቡ። "ምን ሆነ ይሄ ልጅ? ታሞ ነው?" ብለው ሮዳስን ጠየቋት።

ኪዳኔ ከዚያች ቀን ጀምሮ ቃል አልተነፈሰም፤ ቃሏ ያለችባቸው ሁሉ ገና አፉን እየጠበቁ ነው።

ቻናሉ ተዘጋ። የደብረ ብርሃኑን ቤት ለቀው እናታቸው ጋ ገቡ። የሚፈልገውን በስልኩ ላይ ጽፎ ለሮዳስ ያሳያታል። ቀኑን ሙሉ ሁለት እጆቹን አፉ ላይ ደርቦ ጓሮ ይቀመጣል። ሲተኛ እንኳ አፉን በነጠላ ያስራል።

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ አሁንም ደግ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ሮዳስን "እንግዳዬ፣ እንዴት አደርሽ?" ይሏታል። ሮዳስ "እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለች። ከዚያ ጀርባዋን ትሰጣቸዋለች፤ እንባዋን እንዳያዩ።

አሁን የምነግራችሁ የመጨረሻውን ነው። ይሄንን ስትነግረኝ ሮዳስ ሁለት ጊዜ አቋርጣ ውኃ ጠጥታለች።

ባለፈው ሳምንት ነው። እኩለ ቀን። ልብስ ልታሰጣ ወደ ጓሮ ወጣች። ጉሙ ከቆላው እየወጣ አጥሩን ሊነካ ደርሷል። የጎረቤት በጎች ከአፋፉ ወዲህ ሣር ይግጣሉ፤ ጠባቂ አልነበራቸውም።

ኪዳኔ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። ሁለቱም እጆቹ አፉ ላይ ናቸው። መንጋጋው ገጥሟል።

ጉሮሮው ግን ይንቀሳቀሳል።

ወደ ላይ... ወደ ታች... ወደ ላይ። ልክ እንደሚናገር ሰው። ሮዳስ ጆሮዋን አቀናች። ምንም አይሰማም። ኪዳኔ ዐይኑ በፍርሃት ፈጦ እያያት ነው፤ ጉሮሮውን በአንድ እጁ አንቆ ለማቆም ይታገላል። አልቆመም።

በጎቹ መጋጥ አቆሙ።

ሁሉም ባንድ ጊዜ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ከዚያ አንዷ ወደ አፋፉ መራመድ ጀመረች። ሌላዋ ተከተለች። ሌላዋም። ተሰልፈው፣ ሳይገፋፉ፣ አንዲት እንኳ ሳትጮህ... እየተራመዱ ጉሙ ውስጥ ገቡ። ሮዳስ የመውደቅ ድምፅ ጠበቀች። አልሰማችም።

የመጨረሻዋ ግልገል ጠርዙ ላይ ስትደርስ ቆመች። ዞር ብላ ሮዳስን ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ አፏ "እሺ" እንደሚል ሰው እየተከፈተና እየተዘጋ።

ከዚያ ፊቷን አዙራ ጉሙ ውስጥ ገባች።