ሁለት ሞገዶች በአንድ ቦይ

በ1999 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ውሃ ውሃ በሚልበት ሰሞን፣ የአባቷን የመስኖ ተራ የምትጠብቀው ፈሪሃ ነበረች። የፊዚክስ አስተማሪው ሱፍዋን ደግሞ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦዩ ዳር ተቀምጦ ደብተሩን በቀመር ይሞላል። እሱ የሚመጣባትን ከሰዓት ፈሪሃ ከማለዳ ጀምራ ትጠብቃት ነበር፤ ለማንም ባትናገርም።

«ቲቸር፣ ዛሬስ ምን ስትቆጥር ዋልክ?»

«ቅንጣቶች። ክብደት ያላቸው ቆመው ማረፍ ይችላሉ። የሌላቸው ግን እንደ ብርሃን ሁሌ ሩጫ ነው።»

«እንዳንተ!» ብላ ሳቀች።

ከወር በኋላ ሳቋ ጠፋ። አራት ዓመት ጣሊያን ሄዶ እንዲማር ደብዳቤ መጣለት። ሊያጽናናት ብሎ ሁለት ጓል ከግራና ከቀኝ ቦዩ ውስጥ ጣለ። ሞገዶቹ ተገናኙ፣ ተላለፉ፣ በየመንገዳቸው ሄዱ።

«አየሽ? እኔ የማጠናቸው ቅንጣቶችም ሲገናኙ አይሰባበሩም። ሁሉም በመጣበት ፍጥነት ይቀጥላል።»

ፈሪሃ ውሃውን አየች እንጂ እሱን አላየችም። የተሰናበታት መሰላት። በማግስቱ የከሰዓቱን ተራ በጎረቤቷ በእትዬ አሲያ የማለዳ ተራ ለወጠች።

«ያ አስተማሪ አስራ አንድ ቀን ሙሉ ተጎለተ» አሏት እትዬ አሲያ። «ቦዩን በዓይኑ ሊያደርቅብኝ ነው!»

በአስራ ሁለተኛው ቀን፣ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ሱፍዋን ማሳው ድረስ መጣ።

«ምን አጠፋሁ ፈሪሃ?»

«ምንም። በመጣህበት ፍጥነት ቀጥል።»

መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ከዚያ ግንባሩን መታ። «ወይኔ! ግማሹን ብቻ ነው የነገርኩሽ። ተላልፈው የሚሄዱትም ከነበሩበት ጥቂት ፈቀቅ ይላሉ፤ መገናኘታቸው ያለ ምልክት አይቀርም። ደግሞ ተሳስረው አብረው የሚሄዱ አሉ።»

«እነሱስ ምን ይሆናሉ?»

«ክብደታቸው፣ ለየብቻ ሳሉ ከነበራቸው ድምር ይቀላል።» ድምፁ ዝቅ አለ። «እኔ ከነሱ ነው መሆን የምፈልገው። ከመሄዴ በፊት ኒካህ እንሰር። ቤት እንደያዝኩ፣ ኢንሻአላህ፣ ትመጫለሽ።»

ውሃው መደቡን ሞልቶ ወደ ጎረቤት ማሳ ሊያልፍ ሲል ፈሪሃ አካፋዋን አንስታ በጭቃ ዘጋችው።

«ሽማግሌ ሐሙስ ላክ» አለች ቀና ሳትል። «ሐሙስ ተራችን አይደለም፤ አባባ ቤት ይውላል።»

ሱፍዋን ደብተሩን ገለጠ። ከቀመሮቹ ሁሉ ግርጌ፣ እንዳይረሳው የፈራ ይመስል፣ «ሐሙስ» ብሎ ጻፈ።