በሐጂ ወኒስ ቀኝ የተቀመጠው

የፖሊስ ሻምበል ሙተሸር ኢራቅ ረግረግ ውስጥ ካለው መንደር ሲደርስ የዓሣ አጥማጁ የላፍታ አስከሬን ሳጥን መኪና ጣሪያ ላይ ታስሮ ወደ ነጀፍ መቃብር ሊነሳ ነበር። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቷል፤ ሴቶቹ ግድቡ ላይ ቆመው ደረታቸውን ይደቃሉ። ሻምበሉ ከመኪናው ፊት ሄዶ ተገተረ። ሬሳ ማዘግየት ነውር እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል። ግን ሳያየው የሸኘው ሬሳ ሁሉ ኋላ በሕልሙ እየመጣ ሲጨቀጭቀው ኖሯልና፣ ከነውሩ ጋር መኖሩን መረጠ።

«አውርዱት» አለ።

እያጉረመረሙ አወረዱት። ላፍታ ግዙፍ ሰው ነበር። ከግራ ጆሮው ኋላ አጥንቱ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ አንድ ምት ብቻ፣ ከኋላ፣ በጀልባ መግፊያ እንጨት። ሌላ ጭረት የለበትም። ሰውየው ሳይሰጋ ጀርባውን ሰጥቷል ማለት ነው። ሻምበሉ ከፈኑን መልሶ ሸፈነና እንዲሄዱ ፈቀደ። የሟች ታናሽ ወንድም ቻሲብ፣ ቀጭንና ዓይኑ የቀላ ሰው፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ከሳጥኑ ጋር ሄደ።

የሆነውን የተረኩለት የመንደሩ አለቃ ሼኽ መንሺድ ናቸው። ላፍታ ሚስት አላገባም፤ ከእናቱና ከወንድሙ ከቻሲብ ጋር ይኖራል። ክረምት ክረምት ግን መረቡን ለመጠበቅ ጀልባዎቹ ከሚታሰሩበት ዳስ ያድራል። በዚያ ዕለት ከንጋቱ የሱብሂ ሰላት በኋላ፣ ውሃው በጉም እንደተሸፈነ፣ ጀልባው ተነስቶ ሲወጣ መንደሩ በሙሉ ሰማው፤ አሸተተውም። ላፍታ ቤንዚኑ ውስጥ የጉሎ ዘይት ያለበት የሞተር ዘይት ይደባልቃል። ከኩዌት በቆርቆሮ ያስመጣዋል። ሲቃጠል የሚወጣው ጣፋጭ ሽታ፣ ድስት ውስጥ እንዳረረ ስኳር ያለ፣ ከሌላ ጀልባ ጋር አይምታታም። ሬሳው የተገኘው ቀትር ላይ ነው፤ ጀልባው ከፈረሰው የድሮ መንደር አጠገብ ሸምበቆ ውስጥ ተወትፎ፣ እሱ ከጎኑ ውሃው ላይ ተደፍቶ። ከረፋዱ ጀምሮ እስከ ቀትር የመንደሩ ወንዶች በሙሉ ለሽምግልና ጉዳይ በሼኹ የሸምበቆ አዳራሽ ተሰብስበው ነበር። ያልነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። የላፍታ የዓሣ ሽርካ ሺናዋ፣ ለጎሾቹ ሣር ሊያጭድ ብቻውን ወጥቶ ነበር። ባለፈው ማታ ደግሞ ሁለቱ በሰው ፊት ተጯጩኸዋል።

«ሺናዋ ነው፤ ሌላ ማን ይሆናል?» አሉ ሼኹ። «የእኛ ነገድ እንኳ አይደለም። አባቱ ጎሾቹን እየነዳ ሲመጣ ያስጠጋነው እኛ ነን። ቤቱን ነቅሎ እንዲሄድ ነግረነዋል። ሌላውን አንተና መንግሥት ታውቃላችሁ።»

 ሻምበሉና ፖሊሶቹ ወደ ሺናዋ ደሴት ሲቀዝፉ የቤቱ ሴቶች ቤቱን እያፈረሱት ነበር። የሸምበቆ ምሰሶ ሲነቀል የሚያሰማውን ድምፅ ሻምበሉ ያውቀዋል። መንግሥት ረግረጉን ባደረቀበት ዘመን የእሱ አባትም ቤታቸውን እንዲሁ ነቅለው፣ ጭነው፣ ከተማ ዳር ሄደው በቁጭት ሞቱ። ውሃው ተመልሷል፤ የእነሱ መንደር ሰው ግን አልተመለሰም። ቦታው ዛሬ ላፍታ የተገኘበት ያ የፈረሰ መንደር ነው። ሻምበሉ በዚያ በኩል ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል።

ሺናዋ ጥቅል ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ሻምበሉ ሲያናግረው ዓይኑን ከልጆቹ አላነሳም።

«ለምን ተጣላችሁ?»

«አንድ ሰው ውሃውን በኤሌክትሪክ እየመታ ዓሣ ያወጣል፤ ጫጩቱ ሳይቀር ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ላፍታ ሰውየውን አየው። ማነው ስለው አልነግርህም አለኝ። ‹አንድ ሌሊት ስጠኝ፣ ነገ በአዳራሹ ፊት ራሱ እንዲናገር አደርገዋለሁ› አለኝ። ደሜ ፈላ፤ ጮህኩበት። ሰው የሰማው እሱን ነው።»

«ሁላችሁም በኤሌክትሪክ ላታጠምዱ በአባስ ስም ምላችሁ የለ እንዴ?»

«ምለናል፣ አንድ ሰው ሳይቀር።»

ሻምበሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልገውም። ሐሰተኛ መሐላን ይቀጣል በሚባለው ቅዱስ ሰው በአባስ ምሎ የከዳ ሰው በዚያ አገር ሰላምታ የሚመልስለት፣ ልጅ የሚድርለት፣ ሲሞት የሚሸከመው አይገኝም።

«ላፍታ ማንን የሸፈነ ይመስልሃል?»

«ሻምበል፣ ሁሉም ጣቱን ወደ እኔ ቀስሯል። እኔ አሁን ተነስቼ በሌላ ሰው ላይ ብቀስር ማን ይሰማኛል?»

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ሻምበሉና ሼኹ ከአዳራሹ ደጃፍ ቆመው ሳለ ያ ሽታ በውሃው ላይ መጣ። ጣፋጭ፣ የከበደ ሽታ። የላፍታ ጀልባ በፖሊስ ሰንሰለት ታስሯል፤ ባለቤቱ ወደ ነጀፍ መንገድ ላይ ነው። ላፍታ ሁልጊዜ ወደ ቤት የሚመለሰው በዚህ ሰዓት ነበር። ውሃ ትቀዳ የነበረች ሴት ባልዲዋን ጥላ ወደ ቤቷ ሮጠች። ሼኹም ፈጣሪን እየጠሩ ወደ ውስጥ ገቡ።

ውስጥ ጥግ ይዘው የተቀመጡት ሐጂ ወኒስ ነበሩ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ሰውን የሚለዩት በድምፁና በእርምጃው ነው።

«ጠዋትም መጥቶ ነበር» አሉ ለሻምበሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ገና ሬሳው ሳይገኝ። እዚሁ ገብቶ በቀኜ ተቀመጠ። በሽታው አወቅሁት። ‹ላፍታ፣ ዛሬ ውሃ አልወጣህም እንዴ?› አልኩት። ዝም አለ። ጉልበቱ ጉልበቴን ነካኝ፤ ብርድ ብርድ ይላል። እነዚህ ሳቁብኝ፣ ጃጅተዋል ብለው። ቀትር ላይ ሬሳው ሲመጣ ሳቃቸው ጉሮሯቸው ላይ ቀረ።»

ሻምበሉ አልሳቀም። እሱ በመንፈስ አያምንም ማለት አይቻልም፤ ግን መንፈስ በጉልበቱ ሰው አይነካም። ሽታውን ተከትሎ ቀዘፈ።

ሽታው የመራው ወደ ላፍታ እናት ቤት ነው። አሮጊቷ ከቤታቸው ጀርባ፣ ከሸምበቆው አጥር ሥር፣ ትንሿን ጀነሬተር አስነስተዋል። ይህች ሞተር ዘይቷ ለብቻው ነው የሚሞላላት። ቢሆንም ላፍታ ቤንዚኗ ላይ ከዚያ ከጉሎው ዘይት አንድ ማንኪያ ጣል ሲያደርግ ዕድሜዋ ይረዝማል ይል ነበር። እናትም ለምደውት ያደርጉታል። ሽታው ሁልጊዜ ከጀልባው መመለስ ጋር ስለሚገጥም ጎረቤት ከዚህ መምጣቱን ልብ ብሎት አያውቅም።

«እንዲሸተኝ ብዬ ነው» አሉት ሳይጠይቃቸው። «ዛሬ ማንኪያውን ሁለት አደረግሁት።»

ጀነሬተሯ ነዳጅ አልቆባት መንተባተብ ስትጀምር ሊሞሉላት ጀሪካኑን አነሱ። ከመክፈታቸው በፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ደህና አድርገው ናጡት።

«ምን እያደረጉ ነው፣ እማ?»

«ካልተናጠማ ዘይቱ ከታች ይተኛል። በብርድ ጊዜ ይብሳል፣ አድሮ ለብቻው ይቀመጣል። ስንቴ ተቆጥቶኛል መሰለህ። እሱ ራሱ ሳይንጥ ገመድ ስቦ አያው...»

አልጨረሱትም። ሻምበሉ ፊታቸውን ያይ ነበር። እሳቸው ደግሞ የእሱን ፊት አዩና የተናገሩት ምን እንደሆነ ገባቸው። ከእሱ በስተጀርባ ገመድ ላይ አንድ እርጥብ ጀለቢያ ተሰጥቷል፤ ቀጭን ሰው የሚለብሰው ጠባብ ጀለቢያ። በዚህ አገር ልጇ የሞተባት እናት በዚያ ዕለት ልብስ አታጥብም።  አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ጀነሬተሯን አጠፉ።

በማግስቱ የላፍታን ጀልባ፣ ከዚያም ሌሎቹን ጀልባዎች ሲበረብር ዋለ። ሺናዋን ጠርቶ የራሱን ጀልባ እንዲያስነሳ አዘዘው፤ ሺናዋ ምክንያቱን ሳይጠይቅ ታንኩን አንስቶ ወዘወዘና ገመዱን ሳበ። ቻሲብ ከቀብር ሲመለስ ሻምበሉ ሁሉንም አዳራሹ ሰበሰበ። ሺናዋን ከበሩ አጠገብ አስቀመጡት። ቤቱ በሦስት ጀልባ ተጭኖ፣ ልጆቹ ከላይ ተቀምጠው፣ በደጅ ይጠብቃል። የላፍታ እናት ከሴቶች ማንንም ሳያስከትሉ መጥተው ከደጃፉ ውጭ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ላፍታ ማለዳ ወጥቶ ረፋዱ ላይ ተገደለ ብላችኋል» ብሎ ጀመረ ሻምበሉ። «ሲወጣ ግን ያየው የለም። ሽታውንና ድምፁን ነው የምታውቁት። መረቡን ነካሁት፤ እንደታጠፈ ነው፣ ደረቅ። ዓሣ አጥማጅ ሙሉ ጠዋት ውሃ ላይ ውሎ መረቡን አይጥልም?»

ሻምበሉ ቀጠለ፦

«ሞተሩ ነክሶ፣ ተጣብቆ ቀርቷል። ዘይት አጥቶ ነው። የላፍታ ሞተር ዘይት ያጣል ብሎ የሚያምን አለ? ታንኩን ገለበጥኩት፤ የቀረው ዘይት የሌለው ቤንዚን ነው። ካንዴላው ደግሞ በወፍራም ዘይት ተለውሷል። ሞተሩ ከሥር የተኛውን ዘይት መጀመሪያ ላይ ግጥም አድርጎ ጠጣው፤ ኋላ በደረቁ ሮጦ ነከሰ። ትናንት ጭሱ እንዴት ነበር?»

«ከጉሙ ይበልጥ ነበር» አለ ከመሃል አንዱ። «ምን ነካው ብለናል።»

«ያስነሳው ሰው ታንኩን አልናጠውም። ላፍታ በዚህ ብርድ ሳይንጥ አያስነሳም። ስለዚህ ጀልባው ሲነሳ ላፍታ ሞቷል፤ ጀልባው ውስጥ ተኝቷል። ገዳዩ ላፍታ ማለዳ በሕይወት እንደነበረ እንድታምኑለት ሞተሩን አስጮኸላችሁ። ወደ ትልቁ ሐይቅ ሊወስደው ነበር፤ ሞተሩ ከፈረሰው መንደር ላይ ጥሎት ቀረ። እዚያው ጥሎት፣ አስከትሎ በጎተታት ታንኳ ተመለሰ።»

«ሺናዋ ተቻኩሎ መናጡን ቢረሳስ?» አሉ ሼኹ።

«ሺናዋ ሞተር ሲያስነሳ ዛሬ አይቼዋለሁ፤ እጁ ከሐሳቡ ይቀድማል። ደግሞም ሺናዋ ትናንት ጠዋት እዚህ አልነበረም። ሽታው ግን እዚህ ነበር።» ወደ ጥጉ ዞረ። «ሐጂ፣ እርስዎ አልጃጁም። የላፍታ ሽታ በእርግጥ ገብቷል፤ የሚያሳዝነው ሌላ ሰው ተሸክሞት መግባቱ ነው። የሳቃችሁት እናንተ ንገሩኝ፤ ትናንት ጠዋት ከሐጂ ቀኝ ማን ነበር የተቀመጠው?»

 አንድ በአንድ ዓይናቸው ወደ ቻሲብ ሄደ።

«በዳሱ በኩል አልፌያለሁ፤ ጭሱ ይዞኝ ይሆናል» አለ ቻሲብ። ድምፁ ጸጥ ያለ ነበር። «ለዚህ ነው ወንድሜን ገደልክ የምትለኝ?»

«የአንተ ሞተር ዘይቱ ለብቻው የሚሞላለት አዲስ ሞተር ነው። ቤንዚንና ዘይት ደባልቀህ አታውቅም፤ እንዲያውም የወንድምህን ጀልባ መጥበሻ እያልክ ትስቅበት ነበር አሉ። ጀልባህ ወለል ሥር ሽቦ የተጠመጠመበት መረብና ባትሪ አግኝቻለሁ። ላፍታ ስሙን ለሽርካው እንኳ አልናገር ያለለት ሰው ማን ሊሆን ይችላል? ጭሱን በተመለከተ፣ ጭስ ይሸታል እንጂ ልብስ አያቆሽሽም። ያልተቃጠለ ዘይት ነው ከጭስ ማውጫው የሚተፋው። ጀለቢያህ...»

«በአመድ አሸሁት» አሉ እናትየው ከደጅ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ሁሉም ግን ሰማ። «በሳሙናም አሸሁት። አልለቅ አለኝ።»

ቻሲብ ወደ በሩ አየ። እናቱ አላዩትም። ከዚያ ትከሻው ወደቀ።

«በአዳራሹ ፊት አታቁመኝ አልኩት» አለ። «እግሩን ስሜ ለመንኩት። ‹ራስህ ትናገራለህ፣ እኔ ከጎንህ እቆማለሁ› አለኝ። ይህን ብሎኝ መረቡን ሊያጥፍ ዞረ። ሲዞር እንጨቱ እጄ ላይ ነበር። ወደ እኔ ዞሮ ቢሆን ኖሮ አልችልም ነበር።»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት ማንም ከመቀመጫው አልተነቃነቀም። ሐጂ ወኒስ በቀኛቸው ያለውን ባዶ ምንጣፍ በመዳፋቸው እየዳበሱ ያለቅሱ ነበር።

ሼኽ መንሺድ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ወደ ሺናዋ ዞሩ። ነገሩ እንዳለፈ፣ ቤቱን መልሶ እንዲተክል፣ ምሰሶ ቢያንሰው እሳቸው እንደሚሰጡት ነገሩት።

«ሼኽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ ሺናዋ። «እዚህ ቁጭ ብላችሁ ስትፈርዱብኝ ‹ሺናዋ ይህን አያደርግም› ያለ አንድ ሰው ነበር?»

ሼኹ መሬት መሬት አዩ። ሺናዋ ተነስቶ ወጣ። ሻምበሉም ተከትሎት ወጣ፤ ሊያስቀረው ፈልጎ ነበር፤ ግን ከውሃው ዳር ቆመ። የእሱ አባትም በጊዜው የሚያስቀራቸው ሰው አላገኙም።

ሺናዋ ገመዱን ፈትቶ ጀልባውን ሲገፋ አሮጊቷ ከነልብሳቸው ውሃው ውስጥ ገቡ። እስከ ወገባቸው ጠልቀው የጀልባውን ጠርዝ ያዙ።

«እማ፣ ውሃው ይበርዳል፤ ውጪ» አለ ሺናዋ።

«አውቅ ነበር» አሉት። «ልብሱን ካየሁ ጀምሮ አውቅ ነበር። ልጆችህ ሲጫኑ ደጄ ቆሜ አይቻለሁ፤ ዝም አልኩ። የቀረኝ እሱ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

የሺናዋ ሚስት ሕፃኑን ወደ ደረቷ አጥብቃ ፊቷን አዞረች። ሺናዋ በመግፊያው እንጨት ላይ ተደግፎ ቆመ። ሻምበሉ እጃቸውን ከጠርዙ ላይ ያስለቅቃቸዋል ብሎ ጠበቀ።

«አሁን ቤት ውስጥ ማን አለሽ?» አላቸው ሺናዋ።

«ማንም የለኝም።»

ሺናዋ እንጨቱን አስቀመጠ፤ አንዱን ጥቅል ምንጣፍ ወደ ጎን ገፍቶ ቦታ አበጀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አሮጊቷን ከውሃው አወጣቸውና በልጆቹ መሃል አስቀመጣቸው።