መብራት ሲሄድ አትንኩት

ይሄ የሆነ ነገር ነው። ማመን ያቃተው ዲላ መናኸሪያ ጀርባ ይሂድና ይርጉ የሚባለውን ቴሌቪዥን ሠሪ ይፈልግ። ቀኝ እጁን ከጃኬቱ ኪስ አያወጣም። ፀሐይም ቢሆን... ሲበላም ቢሆን...

ለምን ብላችሁ ግን እንዳትጠይቁት።

እኔ የሰማሁት ከሙሐሲን ነው። ሙሐሲን የአክስቴ ልጅ ነው፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር ያልፈጠረበት፣ በትንሽ ትልቁ የሚናደድ ሰው። ይሄን ሲነግረኝ ግን አንዴም ድምፁን ከፍ አላደረገም።

2001 ዓ.ም.፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ቅዳሜ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ቀን ነው፣ በሩም ክፍት ነው፣ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ነው።

ሙሐሲን ጌም ቤት ሊከፍት ነበር። ፍስሐ ገነት ከተማ ከሚኖሩ ወይዘሮ አልጣሽ ከሚባሉ ሴት ቤት አንድ ማሽን አገኘ። ቁም ሳጥን የሚያክል፣ ድሮ ሳንቲም እየጎረሰ የሚያጫውተው ዓይነት። ሆዱ ውስጥ ያለው የጌም ሰሌዳ ተቃጥሏል፤ ሞኒተሩ ግን ደህና ነው። የሙሐሲን ሐሳብ ቀላል ነበር። ኮምፒውተር ከሞኒተሩ ጋር አገናኝቶ ማጫወት።

ቀላሉ ሐሳቡ ብቻ ነበር።

ማሽኑ የወይዘሮ አልጣሽ ባል የጋሽ ገሪማ ነበር። እሳቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ሴትየዋ ማሽኑን መኪና ላይ ሲያስጭኑ አንድ ነገር ብቻ አሉት።

«ልጄ... መብራት ሲሄድ አትንኩት።»

«ሲመጣ ማለትዎ ነው እማማ?»

«ሲሄድ አልኩህ።»

ከዚያ ገብተው በሩን ዘጉ።

ሙሐሲን አልሰሙኝም ብሎ ተወው። መብራት ከሌለ ምን ሊመጣ ነው?

ዲላ ከገባ በኋላ ያየውን አበሳ እኔ ልንገራችሁ። ኮምፒውተሩን ሲያገናኙት ሥዕሉ አንዴ ለሁለት ይሰነጠቃል። አንዴ ወደ ላይ ይሮጣል። አንዴ ተጣሞ ይቀራል። በዚህ ላይ ማሽኑ ያፏጫል... ጥርስ የሚያሳክክ ቀጭን ፉጨት። ሙሐሲን ኬብል ቀየረ፣ ነቀለ፣ ሰካ፣ ተሳደበ። ወይ ፍንክች።

ይርጉ የልጅነት ጓደኛው ነው፤ ደጋግሞ አስረድቶታል።

«ኮምፒውተሩ ሥዕሉን የሚልከው በጥድፊያ ነው። ይሄ ሞኒተር ደግሞ ቀርፋፋ ነው፣ አይደርስበትም። ኮምፒውተሩን ማዘግየት አለብን። ደግሞ በግድግዳው ሶኬትና በሞኒተሩ መሀል ትራንስፎርመር ካልገባ ብረቱ ራሱ ይነዝራል፤ ሰውም ይገድላል። ከሐዋሳ አዝዣለሁ። ጠብቅ።»

«ጠብቅ፣ ጠብቅ... እስከ መቼ ነው የምጠብቀው?»

እውነቱን ነው፣ ጊዜ አልነበረውም። አባቱ ጋሽ ኸድሩ ቡና ሊገዙ ከሄዱበት ከአሪቻ ማታ ይመለሳሉ። ማሽኑ ካልሠራ ቤቱ የቡና ጆንያ ማስቀመጫ ይሆናል ብለዋል። ጋሽ ኸድሩ ደግሞ ካሉ አሉ ነው።

«ይርጉ፣ በአላህ... ከኋላ ያለችውን ማስተካከያ ብቻ አዙርልኝ። ሥዕሉ ይቁምልኝ፣ ሌላ አልልህም።»

«መብራት እያለ እጄን እዚያ አልከትም።»

ይሄን ብሎ አፉን ሳይዘጋ መብራት ሄደ።

የዚያን ጊዜ የመብራት ፈረቃ ታስታውሳላችሁ።

«ይኸው ሄደልህ» አለ ሙሐሲን። «እስከ ማታ አይመጣም። አሁንስ ምን ቀረህ?»

ስህተቱ እዚህ ጋ ነው። እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ ስፒና የሚነቅል ሰው የለም። ከነቀልነው መምጣቱን በምን እናውቃለን? አምፖሉም ሬዲዮኑም እንደተከፈተ ይጠብቃል። ሙሐሲን አልነቀለውም። ይርጉም አላሰበውም።

ይርጉ ከማሽኑ ጀርባ ተንበረከከ። ቀኝ እጁን አስገባ። ሙሐሲን ፊት ለፊት ቆሞ ስክሪኑን ያያል።

መጀመሪያ ያስተዋለው ፉጨቱን ነው።

አልቆመም።

ኮምፒውተሩ ጠፍቷል... ማዶ ያለው ሙዚቃ ቤት ጸጥ ብሏል... ፉጨቱ ግን አለ።

«ይርጉ... ይሰማሃል?»

«የሞኒተሩ ቱቦ ውስጥ የቀረ ኃይል ይሆናል። ዝም በል፣ አታደናብረኝ።»

ከዚያ የሙሐሲን የክንዱ ፀጉር ቆመ።

ስክሪኑ መሀል ላይ አንዲት ነጥብ አለች። ድሮ ቴሌቪዥን ሲጠፋ ነጥብ ትቀርና ትጠፋለች፤ ሁላችንም እናውቃለን። ይቺ ግን አልጠፋችም።

ሰፋች...

«ሙሐሲን።» የይርጉ ድምፅ ዝቅ ብሏል።

«አቤት።»

«እጄን ልቀቀው።»

«የትኛውን እጅህን?»

«አትቀልድ። ልቀቀኝ።»

«ይርጉ... እኔ እኮ ፊት ለፊት ነኝ።»

«ታዲያ ማነው የያዘኝ?» አለ ይርጉ በሹክሹክታ።

«አውጣው በቃ። አውጣው!»

«እምቢ አለኝ... ይጎትተኛል...»

የሴትየዋ ቃል ትዝ ያለው ያኔ ነው። ሲሄድ አልኩህ። ጋሽ ገሪማ በምን እንደሞቱ አልጠየቀም ነበር። አሁን ግን ማንም ሳይነግረው ገባው። ሰውዬው እጃቸውን የከተቱት መብራት ሲሄድ ነው።

የሞቱት ሲመጣ ነው።

ስፒናው!

ሙሐሲን ዞሮ ሮጠ። ስፒናው ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ነው። ነቀለው። ዓይኑ እያየ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። ይርጉን ወገቡን አቅፎ ሳበ። አልመጣም። የይርጉ ክንድ እስከ ትከሻው ገብቷል። ሲያስገባው እስከ ክርኑ ነበር።

«ጌታ ሆይ... ጌታ ሆይ...» ይላል ይርጉ።

ሙሐሲን እግሩን ማሽኑ ላይ ተክሎ ሳበ።

ከመንገድ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ ጮኸ።

«መጣ!»

በዚያችው ቅጽበት እጁ ወጣ።

ሙሐሲን ጓደኛውን እየጎተተ ወደ ፊት፣ በሩ ጋ አደረሰው። ሁለቱም ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ይርጉ ይተነፍሳል። እጁ አልተቃጠለም። ጣቶቹ ሙሉ ናቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሙሐሲን። ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ቀረ። በራሱ ተናደደ፣ በማሽኑ ተናደደ፣ በአባቱም ተናደደ። ጆንያም ይሁን፣ ምንም ይሁን። ነገ አውጥቶ ይጥለዋል።

ከዚያ ቀና አለ።

ማሽኑ በርቷል።

ስፒናው ባንኮኒው ላይ ነው። ኮምፒውተሩን ማንም አልከፈተውም። ሥዕሉ ግን ቆሟል። አይሮጥም፣ አይሰነጠቅም። ያን ሁሉ ቀን የለመኑት ሥዕል፣ ጥርት ብሎ ቆሟል።

የሚያሳየው ይሄንኑ ክፍል ነው። ግድግዳውን... በሩን... ወለሉ ላይ የተቀመጡትን ሁለት ሰዎች።

በመሀላቸው ደግሞ አንድ ሽማግሌ ቁጢጥ ብሏል። አንገቱን ደፍቷል።

«ሙሐሲን» አለ ይርጉ በሹክሹክታ። ስክሪኑን አላየም፤ ዓይኑን ጨፍኗል። «ወጥቻለሁ እኮ... አሁንስ እጄን ልቀቀው።»

የሙሐሲን ሁለት እጆች ጭንቅላቱ ላይ ነበሩ።